የበዓል ሜዳና ካርታ፤ ከወረኢሉ የተነሣ ጥናት

ባለፈው ጥር ለእረፍት ወደ ወረኢሉ አገር በሄድን ጊዜ በአንድ የጥምቀት ሜዳ ላይ ያየነው ነገር ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ አደረገን። ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ተነሥተው ሕዝቡ በእልልታና በሆታ ሲከተል፥ አንዲት የተጫነች በቅሎ ደንብራ ሰው መካከል ገባች። ነገሩ ለጊዜው የሚያስቅ ይመስል ነበር። ነገር ግን ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛው ለምን እንደ ሸሸ ስላላወቀ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገባበት ጠባብ በር ዞረ። በሜዳው ማዶ፥ የድንጋዩ ካብ በሚያልቅበት ላይ፥ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ነበረ፤ ወደዚያ የሄደ ሰው ግን አላየንም። አንድ ሕፃን በሰው ራስ ላይ እየተቀባበሉ በካቡ አሻግረው አዳኑት፤ አንዲት እናት ነጠላቸውንና ጫማቸውን ጥለው ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የሞተ ሰው የለም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ነገሩ ስንጫወት፥ ያሳደሩን የቤቱ አባት እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ ከብት ሲደነብር በገባበት በር ነው የሚወጣው። ሌላ በር ቢከፍቱለትም አያየውም። ሰውም ሲደነግጥ ከዚያ አይሻልም። በረት የሚሠራ ሰው መውጫውን አስቀድሞ ያስባል፤ እናንተ የተማራችሁት ለሰው ይህን ያህል አታስቡለትምን?» ከመካከላችን የጂኦግራፊም የምህንድስናም ተማሪ ነበረ፤ ሆኖም ለጊዜው መልስ አጣን። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ለእሳቸው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው።

ለማስረዳት የምንፈልገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ጥበቃ የሚጀምረው ከዘበኛው ቍጥር ሳይሆን ከመውጫው ስፋት ነው። መውጫውን አስቀድሞ አሳይቶ፥ ለክቶና አስልቶ የሚነግረን ካርታ ነው። ካርታውን የሚሞላው ግን መሣሪያ ብቻ ሳይሆን አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው። አሁን ነገሩን በየተራው እንመልከት።

1. አባቶቻችን ብዙ ሕዝብ እንዴት ያሰፍሩ ነበር?

የወረኢሉ ስም ከብዙ ሕዝብ መሰብሰብ ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወረኢሉን የጦር ሰፈር አድርገዋት ነበር። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ባወጁ ጊዜም የሸዋው ጦር በጥቅምት ወር ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው አዘዙ። ከዚያ የተነሣው ሠራዊት ወደ ሰሜን ዘምቶ፥ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ የሆነው ሆነ። ዐድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር በጠቅላላው ወደ 100,000 ሰው ይገመታል። ከዚህ ላይ በቅሎውን፥ አህያውን፥ ስንቅ የምትፈጨውንና ውሃ የምትቀዳውን ሴት፥ ሕፃኑንም ሁሉ ስንጨምርበት፥ ሰፈሩ ተንቀሳቃሽ ከተማ እንደ ነበር እንረዳለን።

ይህን ያህል ሰው ያለ ወረቀት ካርታ እንዴት ሰፍሮ ሊያድር ቻለ? ለዚህ ሁለት ምክንያት እናገኛለን። አንደኛው፥ ሁሉም ወደ አንድ ሜዳ አልተጠራም። የልዩ ልዩ አገር ጦር እንደየመንገዱ በተወሰነለት ስፍራ እንዲጠብቅ ታዘዘ እንጂ፥ በአንድ ቀን በአንድ ቦታ አልተከማቸም። ሁለተኛው ምክንያት የሰፈሩ ሥርዐት ነው። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው በፊት፥ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፥ ግራ አዝማቹ በግራ፥ ደጀኑ በኋላ ይሰፍራል። ቦታው በየቀኑ ቢለዋወጥም የሰፈሩ መልክ አይለወጥም ነበር። ስለዚህ በጨለማ የመጣ ወታደር እንኳ የንጉሡን ድንኳን አይቶ፥ የጌታው ሰፈር በየት በኩል እንደ ሆነ፥ በየትስ እንደሚወጣ ያውቃል። ይህ ምንድር ነው ቢሉ ካርታ ነው፤ ብቻ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ የተሣለ ካርታ ነው።

ዛሬ የምንቸገረው በዚህ ላይ ነው። የዘመቻ ሰው አለቃ አለው፤ የበዓል ሕዝብ ግን አለቃ የለውም። ከገጠር የመጣው ከከተማ ከመጣው ጋር፥ አረጋዊው ከጎረምሳው ጋር ተቀላቅሎ ይቆማል። በልቡ ውስጥ ያለው ካርታ አንድ መሥመር ብቻ ነው፤ እሱም የመጣበት መንገድ ነው።

የቦታም ጠባይ አለ። ከደሴ በስተ ሰሜን፥ በአምባሰል፥ የግሸን ማርያም አምባ ይገኛል። አምባው የመስቀል ቅርጽ ያለው፥ ዙሪያውን ገደል የሆነ፥ መግቢያ በሩም አንድ ነው። በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ልጆች እዚያ ላይ ተቀምጠው የሚጠበቁት በዚሁ ምክንያት ነበር። ዛሬ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመላው አገር ምእመናን የሚጐርፉት ወደዚያው አምባ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ለዘበኛ የሚመች ቦታ ለብዙ ሕዝብ አይመችም። አንድ በር ለጠባቂ ጸጋ ነው፤ በድንጋጤ ለሚመለስ ሕዝብ ግን መከራ ነው። ጥበቃ ማለት መዝጋት ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ልዩነት ሳያስተውል ይቀራል።

2. ሰው ሲጨናነቅ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው በግፊያ የሚሞተው ወድቆ ተረግጦ ብቻ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ብዙዎቹ የሚሞቱት ቆመው ነው። ደረታቸው በዙሪያቸው ባለ ሰው ተጨቍኖ ሳንባቸው አየር መሳብ ያቅተዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 2 ሰው ቢቆም እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። 4 ሲሆን ይጠባል። ከ5 ወይም ከ6 በላይ ሲሆን አደጋው ቀርቧል። ወደ 7 ሲደርስ ሰው በገዛ እግሩ መሄዱ ይቀርና ሕዝቡ እንደ ውሃ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ይናጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጕልበተኛም ቢሆን ራሱን አያድንም፤ ዘበኛም ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ስለዚህ አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ ሥራው ሁሉ ከበዓሉ በፊት ያለው ነው።

ባገራችን ይህን በመራራ ሁኔታ አይተነዋል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ የኢሬቻ በዓል ሲከበር ተቃውሞ ተሰማ፤ የጸጥታ ኀይሎች አስለቃሽ ጢስ ተኰሱ፤ ሕዝቡም ሲሸሽ ብዙዎች በአካባቢው በነበረ ጥልቅ ቦይ ውስጥ እየወደቁ ተደራርበው ሞቱ። መንግሥት የሟቾቹ ቍጥር 55 ነው ሲል፥ ሌሎች ቍጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ተናግረዋል። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተጽፏል፤ እኛ እዚህ ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ያ ቦይ በማን ካርታ ላይ ተሥሎ ነበር? ሕዝብ ወዴት ሊሸሽ እንደሚችል ሳያውቅ ሕዝብ እንዲሸሽ የሚያደርግ ሰው፥ ገደሉን ሳያይ ከብቱን የሚነዳ እረኛን ይመስላል።

ከውጭ አገርም ምሳሌ እንውሰድ። ከወሎም ሳይቀር በየዓመቱ ሐጃጆች ወደሚሄዱበት ወደ መካ፥ በሚና ሸለቆ ጀማራት በተባለው ድልድይ ላይ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. 346 ሰዎች በግፊያ ሞቱ። ከዚህ በኋላ ድልድዩ ፎቅ በፎቅ ሆኖ እንደ ገና ተሠራ፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ሰው እንዳይጋጭ መንገዱ ተለየ፤ ለየቡድኑም ሰዓት ተወሰነለት። ድልድዩ ዳነ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ወደ ድልድዩ በሚወስደው ጐዳና ላይ ሁለት የሕዝብ ጎርፎች ተገናኝተው እንደ ገና እልቂት ሆነ። የሳውዲ መንግሥት 769 ሰው ሞተ አለ፤ የየአገሩ መንግሥታት የቈጠሩት ግን ከ2,000 በላይ ሆነ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሜዳውን ብቻ መለካት አይበቃም፤ ወደ ሜዳው የሚያደርሱት መንገዶች ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ መታየት አለባቸው።

3. የካርታው መሣሪያዎች

ሀ. የወረቀት ካርታ። ከአየር ፎቶግራፍ የተዘጋጁት የአገራችን ካርታዎች ልካቸው 1 ለ50,000 ነው። ይኸውም በካርታው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው በምድር ላይ 500 ሜትር ነው ማለት ነው። የከፍታ መሥመሮቹ ብዙውን ጊዜ በ20 ሜትር ልዩነት የተሣሉ ናቸው። እንግዲህ 12 ወይም 15 ሜትር የሚሆን ገደል በሁለት መሥመር መካከል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ወደ ዐባይ በሚወርዱ ጥልቅ ሸለቆዎች የተቈራረጠውን የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ የሚያውቅ ሰው፥ ይህ ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ይረዳል። ሜዳው እስከ አፋፉ ድረስ ለጥ ያለ ነው፤ አንድ እርምጃ ካለፉ ግን ምድሩ የለም።

ለ. የሳተላይት ሥዕልና የከፍታ መረጃ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ዓ.ም. በጠፈር መንኰራኵር የተለካው የምድር ከፍታ መረጃ ዛሬ ያለ ክፍያ ይገኛል። ከዚህ መረጃ የትኛው ቦታ ቍልቍለት፥ የትኛው ሜዳ እንደ ሆነ በሰዓታት ውስጥ ማስላት ይቻላል። ነገር ግን መረጃው ምድሩን የሚያየው 30 ሜትር በ30 ሜትር እየከፈለ ስለ ሆነ፥ 3 ሜትር የሆነ የእግር መንገድ ወይም አንድ ቦይ አይታይበትም።

ሐ. ጂ.ፒ.ኤስ.። በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው መሣሪያ ሰማይ በተከፈተበት ቦታ በ5 ሜትር ያህል ልዩነት ያለንበትን ይነግረናል፤ በሸለቆና በትልቅ ሕንጻ ሥር ግን ይሳሳታል። እዚህ ላይ ለጀማሪ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የቀድሞዎቹ የወረቀት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የልክ መነሻ ሲሆን፥ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚጠቀመው ሌላ ነው። ሁለቱን ሳያስታርቅ የስልኩን ቍጥር በካርታው መረብ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ወደ 200 ሜትር ያህል ይስታል። በከተማ ውስጥ 200 ሜትር አንድ መንደር መሳት ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ ግን የሕክምናውን ድንኳን በአየር ላይ መትከል ማለት ነው።

መ. ጂ.አይ.ኤስ.፥ ማለት የመልክዐ ምድር መረጃ ሥርዐት። ይህን ለማስረዳት ስስ ወረቀትን እናስብ። በአንዱ ስስ ወረቀት ላይ መንገዱን ብቻ፥ በሁለተኛው ገደሉንና ውሃውን፥ በሦስተኛው ቤቱንና ካቡን፥ በአራተኛው ሰው የሚቆምበትን ሥለን አንዱን በአንዱ ላይ ብንደርብ፥ የሚጋጨው ነገር ወዲያው ይታያል። ጂ.አይ.ኤስ. ይህንኑ በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው፤ ከዚያም በላይ ርቀትን፥ ስፋትንና አጭሩን መንገድ ያሰላልናል። ኪው ጂ.አይ.ኤስ. የተባለው ፕሮግራም ገንዘብ አይጠየቅበትም። ከእ.ኤ.አ. 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የዓለም ካርታም ማንም ሰው የሠፈሩን መንገድ ሊጨምርበት የሚችል የጋራ ካርታ ነው።

ድሮንስ? ብሎ የሚጠይቀን አንባቢ ይኖራል። ድሮን ጥሩ ፎቶግራፍ ያነሣል። ነገር ግን ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ የድሮን ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጠው ወገናችን ብዙ ነው። ሕዝብ እንዳይደነግጥ የምንሠራውን ሥራ ሕዝብ በሚያስደነግጥ መሣሪያ ልንሠራው አይገባም። ፎቶግራፍ ካስፈለገ ከበዓሉ በፊት፥ ሜዳው ባዶ ሳለ፥ በሕጋዊ ፈቃድና ለነዋሪው ተነግሮ ይነሣ።

4. አንድ ምሳሌ በቍጥር

አሁን እርሳስና ወረቀት እንያዝ። በወረኢሉ ወይም በመካነ ሰላም አጠገብ ርዝመቱ 120 ሜትር፥ ወርዱ 80 ሜትር የሆነ የበዓል ሜዳ አለ እንበል። ቍጥሩ ለትምህርት ብቻ የተሰጠ ምሳሌ ነው።

መጀመሪያ፥ ስፋቱን እንፈልግ። 120 ጊዜ 80 ብንል 9,600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለመቆሚያ አይሆንም። ጥምቀተ ባሕሩን፥ የታቦታቱን ድንኳን፥ ዛፎቹን፥ ረግረጉን፥ ከአፋፉ ወዲህ ባዶ ሊተው የሚገባውንም እንቀንስ። ይህ ሁሉ 2,600 ካሬ ሜትር ቢሆን 7,000 ይቀራል።

ሁለተኛ፥ ስንት ሰው ይቆማል? በካሬ ሜትር 2 ሰው ብንል 14,000 ሰው ይሆናል። 4 ብንል 28,000 ይሆናል። ጠቢብ አዘጋጅ በ14,000 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የሚመጣውን ወደ ሌላ ሜዳ የሚመራበትን መንገድ ያዘጋጃል። የመጣውን ሰው ለመቍጠርም ቀላል ዘዴ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሄርበርት ጄከብስ የተባለ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት መምህር፥ ተማሪዎቹ ለተቃውሞ የሚሰበሰቡበትን አደባባይ ከመስኮቱ ይመለከት ነበር። አደባባዩ በካሬ የተከፋፈለ ስለ ነበር፥ በጥቂት ካሬ ያለውን ሰው ቈጥሮ በጠቅላላው ካሬ አባዛው። ዘዴው እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል፤ የኛም ሜዳ በኖራ መሥመር ሊከፋፈል ይችላል።

ሦስተኛ፥ መውጫውን እንለካ። በእንግሊዝ አገር ለስፖርት ሜዳዎች የወጣው የደኅንነት መመሪያ፥ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መውጫ በደልዳላ ቦታ በደቂቃ 82 ሰው፥ በደረጃ ላይ 66 ሰው ያሳልፋል ብሎ ይገምታል። ሜዳችን እያንዳንዳቸው 4 ሜትር የሆኑ 3 መውጫዎች ቢኖሩት በጠቅላላው 12 ሜትር ነው፤ 12 ጊዜ 82 ብንል በደቂቃ 984 ሰው ይወጣል። ስለዚህ 14,000ው ሰው በ14 ደቂቃ ያህል ይወጣል። አንዱ መውጫ በመኪና ቢዘጋ 21 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱ ቢዘጉና ሕዝቡ ሁሉ በመጣበት በአንዱ በር ብቻ ቢገፋ ወደ 43 ደቂቃ ይሆናል። በጥር ወር ያየነው ይህን ነበር፤ በሩ አልጠፋም፥ ሰዉ ግን አላወቀውም።

አራተኛ፥ ቍጥሩን ለአገራችን እናስተካክል። የእንግሊዙ ልክ የወጣው ለሲሚንቶ መተላለፊያ ነው። የኛ ሰው በድንጋይ ላይ፥ ልጅ አዝሎ፥ አረጋዊ ደግፎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከተባለው መቀነስ እንጂ መጨመር አይገባም። ለምሳሌ 3 ሜትር ስፋት ባለው የአምባ ደረጃ 50,000 ሰው ይውረድ ብንል፥ በዚያው በእንግሊዙ ልክ እንኳ በደቂቃ 198 ሰው ነው፤ ጠቅላላው ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለውን ሕዝብ «ቶሎ ውረዱ» ማለት መግደል ነው። መፍትሔው መውረጃውን በተራና በሰዓት መክፈል ነው፤ የ1888ቱ ክተት በየቦታው ተከፋፍሎ እንደ ነበር ያስታውሷል።

አምስተኛ፥ የሩቁን መንገድ እንይ። ከደሴ ወጥተን ጉጉፍቱ ላይ ስንደርስ፥ አንዱ መንገድ በካቤ ወደ ወረኢሉ፥ ሁለተኛው በአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ይሄዳል። በካርታ ላይ ሲታይ ጉጉፍቱ የሁለቱም ቋጠሮ ነው። በዚያ ብርድና ጉም በበዛበት ከፍታ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቢገለበጥ፥ ከሁለቱም ከተሞች ወደ ደሴ የሚሄድ ቍስለኛ ይቆማል። ስለዚህ አምቡላንሱ ከአደጋው በኋላ ከደሴ እንዲመጣ መጠበቅ ሳይሆን፥ በዋዜማው ከቋጠሮው ወዲህ ማደር አለበት። ይህን ለማወቅ ጥበብ አያስፈልግም፤ ካርታውን ዘርግቶ ማየት ይበቃል።

5. ካርታው የማን ነው?

ካርታ ተሠርቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ቢቈለፍ ለሕዝቡ ምን ይረባዋል? ሁለት ዐይነት ካርታ እንዲዘጋጅ እንመክራለን። የመጀመሪያው የአዘጋጆቹ ነው፤ ጥበቃው የት እንደሚቆም፥ ትእዛዝ ከማን ለማን እንደሚተላለፍ ያመለክታል፤ ይህ ለሁሉም አይበተንም። ሁለተኛው የሕዝቡ ነው፤ መውጫውን፥ ውሃውን፥ የሕክምናውን ድንኳን፥ የጠፋ ሕፃን የሚገኝበትን ቦታ ያሳያል። ይህኛው በትልቁ ተሥሎ በየመግቢያው ይሰቀል፤ ማንበብ ለማይችለውም በቀለምና በሥዕል ይገለጽ፤ ከሥርዐተ በዓሉ በፊትም በድምፅ ማጉያ ይነገር። ሰው የሚሸሸው በሚያውቀው በር ነውና፥ ሌላውን በር ከድንጋጤው በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚሻለው ሲገባ በተለያየ በር እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ሲወጣም በተለያየ በር ይወጣል።

ካርታው በስልክ ውስጥ ብቻ መሆን የለበትም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቈየ አንረሳም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚከፈት ካርታ ከንቱ ይሆናል፤ የታተመ ወረቀት፥ ፉጨትና ቦታውን የሚያውቅ ሰው ግን ይቀራል።

በወሎ ይህ ሥራ ከሌላው አገር የቀለለ ሊሆን ይገባዋል እንላለን። በጥምቀት ቀን የሙስሊሙ ልጅ፥ በዒድ ሶላትና በመውሊድ ቀን የክርስቲያኑ ልጅ ለጎረቤቱ ሜዳ ሲያጸዳና መንገድ ሲያሳይ ማየት ባገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ለጥምቀቱ የተሠራው ካርታ ለዒዱም ያገለግላል፤ ሜዳው ቢለያይም የሰዉ ደረት አንድ ነው። በየቀበሌው 20 ወጣቶች ሜዳውን በእግራቸው ለክተው፥ ከሽማግሌዎቹ ጠይቀው፥ ቦዩንና ገደሉን በስሙ ቢመዘግቡ፥ ሳተላይት ያላየውን ያያሉ። ካርታው ላይ ስም የሌለውን ገደል እረኛው በስሙ ይጠራዋል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ሕዝብ በየት እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚያሳይ ካርታ ሁለት ፊት አለው። መውጫን ለመክፈት የተሠራው፥ መውጫን ለመዝጋትም ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ ካርታው ሲሠራ የሃይማኖት አባቶች፥ ሽማግሌዎች፥ ሐኪሞችና ተማሪዎች ከጸጥታ ሰዎች ጋር አብረው መቀመጥ አለባቸው። የጥበቃ ፕላን መልካም መሆኑን የምናውቀው በአንድ ጥያቄ ነው። ይህ ፕላን የተሠራው ሕዝቡ በሰላም ቤቱ እንዲገባ ነው ወይስ ሕዝቡ እንዲፈራ ነው?

6. ለእረፍት ጊዜ የሚሆን ሥራ

ጽሑፋችን በቃል ብቻ እንዳይቀር፥ በሚመጣው እረፍት ወደየአገሩ ለሚሄደው ተማሪ ሁሉ አራት ሥራ እናቀርባለን።

ሀ. በተወለድህበት ወይም በተወለድሽበት ወረዳ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን አንድ ሜዳ መርጦ፥ ርዝመቱንና ወርዱን በእርምጃ መለካት። አስቀድሞ የራስን እርምጃ በሜትር መፈተን ያስፈልጋል።

ለ. መውጫዎቹን ቈጥሮ የእያንዳንዱን ስፋት በገመድ መለካትና፥ ከላይ እንዳየነው ሜዳው በስንት ደቂቃ ባዶ እንደሚሆን ማስላት። ትልቁ መውጫ ቢዘጋ የሚሆነውንም ማስላት።

ሐ. ቢያንስ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ እረኛ ጠይቆ፥ በካርታ ላይ የሌለውን ገደል፥ ቦይና የክረምት ጎርፍ መውረጃ መመዝገብ።

መ. የተሠራውን ካርታ ለሰበካ ጉባኤው፥ ለመስጊዱ ሽማግሌዎችና ለቀበሌው አሳይቶ መስጠት፤ አንዱን ግልባጭ ደግሞ ለማኅበራችን ማምጣት።

እኛም በበኩላችን በዚያ በጥር ባየነው ሜዳ ጀምረናል። በካቡ መጨረሻ ያለው ክፍት ቦታ በእርምጃ ሲለካ ከ5 ሜትር በላይ ሆኖ አገኘነው፤ ሰው ሁሉ የተጋፋበት በር ግን 3 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ካርታውን ሥለን ላሳደሩን አባት ብናሳያቸው፥ ጥቂት ጊዜ ትኵር ብለው ተመለከቱትና፥ «ይህቺን መውጫ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም» አሉን። ለሚመጣው ጥምቀት በዚያች መውጫ ላይ ነጭ ባንዲራ እንዲተከልና ከሕዝቡ ግማሹ በእሷ በኩል እንዲገባ፥ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረናል።